የከንፈር ካንሰር አመልካች ፕሮቲኖች

የከንፈር ካንሰር አመልካች ፕሮቲኖች በከንፈር ላይ በወጣ ዕጢ ህዋሳት ውስጥ መጠናቸው የሚለወጥ ፕሮቲኖች ናቸው። የሚመረመሩት አንድ ቁስል ወደ ካንሰር እያመራ መሆኑን፣ ካንሰር ከሆነም የመስፋፋት ኃይሉን ለመገመት ነው። በሰፊው ከተጠኑት መካከል ፒ53፣ ኪ-67 እና ኢ-ካድሄሪን ይገኛሉ።

አመጣጥ

አብዛኛው የከንፈር ካንሰር ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በብዛት የሚወጣው ለፀሐይ ይበልጥ በተጋለጠው የታችኛው ከንፈር ላይ ነው። ዋና መንስኤዎቹ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና ትምባሆ ናቸው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ጨረሩን ስለሚመክት በሽታው በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ብዙም አይታይም። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ግን ይህ መከላከያ የላቸውም። ስለዚህ እንደ አዋሽ፣ አዳይቱና ሰመራ ባሉ ፀሐይ በሚበረታባቸው የአፋር ቆላማ ከተሞች ለሚኖሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥላና ሰፊ ባርኔጣ አስፈላጊ ናቸው።

ዋና ዋና አመልካቾች

* ፒ53፦ እ.ኤ.አ. በ1979 የታወቀ ፕሮቲን ነው። ዲኤንኤው የተጎዳ ህዋስ እንዳይባዛ ያግዳል። ጤናማው ፒ53 ቶሎ ስለሚፈርስ በምርመራ እምብዛም አይታይም፤ ዘረመሉ ሲበላሽ ግን የተዛባው ፕሮቲን በህዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ ይከማቻል። ክምችቱ ካንሰር ባልሆነ፣ በፀሐይ በተጎዳ ከንፈር ላይም ስለሚታይ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።
* ኪ-67፦ በመባዛት ላይ ባሉ ህዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ ባረፉት ውስጥ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወቀ ሲሆን ስሙ ከጀርመኗ ኪል ከተማ የመጣ ነው። መጠኑ ሲበዛ ዕጢው በፍጥነት እያደገ መሆኑን ያመለክታል።
* ኢ-ካድሄሪን፦ ጎረቤት ህዋሳትን እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። ሲቀንስ የካንሰር ህዋሳት ተላቀው ወደ ጥልቅ ሥጋና ወደ አንገት ንፍፊቶች ሊሄዱ ይችላሉ።

አመረማመር

ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በፎርማሊን ይነከራል፣ በሰም ይያዛል፣ በጣም ቀጭን ሆኖ ይቆረጣል። ከዚያም የተፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ይሆናል። በሰም የተያዘ ናሙና ለዓመታት ስለሚቆይ ሩቅ ወዳለ ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። በፎርማሊን ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ ግን ፕሮቲኖቹ ለአንቲቦዲው ሊሸፈኑበትና ውጤቱ ሊዛባ ይችላል።

ለህክምና ያላቸው ጥቅም

የታማሚው ዕጣ በመጀመሪያ የሚገመተው በዕጢው ስፋትና ጥልቀት፣ እንዲሁም ወደ ንፍፊቶች በመድረሱ ወይም ባለመድረሱ ነው። ፕሮቲኖቹ በዚህ ላይ ተጨማሪ መረጃ ይሰጣሉ እንጂ አይተኩትም። ከንፈር ላይ ብቻ እያለ የተገኘ ካንሰር በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ይድናል። ስለዚህ በ3 ሳምንት ውስጥ ያልዳነ የከንፈር ቁስል፣ ባያምም እንኳ፣ በሐኪም መታየት አለበት።