ከቆዳ ባሻገር ወደ ልብ፦ በድምፅ ሞገድ የሚላክ ኃይል

ሐሙሲት የሚኖሩት አጎቴ የልብ ምት መቈጣጠሪያ መሣሪያ ከተተከለላቸው ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ሲል ባትሪው መድከሙ ተነገራቸው። ለማስለወጥ የዓባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ መግባት ነበረባቸው፤ መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር ግን ሁለት ወር ያህል እቤታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። በዚያ ሰሞን ስልክ ብደውል፣ «መሐንዲስ ነኝ ትል የለም? ይኸ ነገር እንደ ስልኩ ከውጭ አይሞላም?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የታሪኩ መነሻ ራሱ ነው። መስከረም 28 ቀን 1951 ዓ.ም. በስቶክሆልም፣ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ለአርነ ላርሶን የተከሉትና መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት የሠሩት የመጀመሪያው መሣሪያ ባትሪው የሚሞላው ከሰውነት ውጭ በሚቀመጥ ጥቅልል ሽቦ አማካይነት ነበር። መሣሪያው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆመ፤ ላርሶን ግን ከሃያ በላይ መሣሪያዎች እየተለወጡላቸው እስከ 1994 ዓ.ም. ኖረዋል። ከዚያ በኋላ የሜርኩሪ ባትሪ፣ ከእ.ኤ.አ. 1972 ወዲህም ዕድሜው ረዘም ያለው የሊቲየም አዮዲን ባትሪ ስለ መጣ ከውጭ የመሙላቱ ሐሳብ ወደ ጎን ተባለ። በእኔ ግምት ለጊዜው የተሻለው ውሳኔ ይኸው ነበር። ዕዳው ግን ቀርቷል፤ ይኸውም «ባትሪ መለወጥ» ሲባል የታሸገውን ሣጥን በሙሉ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሌላ መተካት ማለት ነው።

የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ደርሰውበት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖል ላንዥቬን ይህንኑ ጠባይ በመጠቀም ሰርጓጅ መርከብ ፍለጋ በኳርትዝ አማካይነት አልትራሳውንድ ወደ ባሕር ላከ። እናቶች በእርግዝና ምርመራ የሚያውቁት አልትራሳውንድ ከዚሁ የተወለደ ነው። ለኃይል ማስተላለፊያነት የተመረጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአንድ ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በመሆኑም ተቀባዩ እጅግ ትንሽ ሆኖ በጥልቀት ሊቀመጥ ይችላል። አጥንትና አየር ግን ያግዱታል፤ የጎድን አጥንትና ሳንባ በከበቡት ልብ ላይ ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው የኢቢአር ሲስተምስ መሣሪያ በግራው የልብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ባትሪ የሌለው ተቀባይ አለው። አልትራሳውንዱን የሚልከው ክፍል በጎድን አጥንቶች መካከል ይተከላል። ይሁን እንጂ የላኪው ባትሪ ራሱ ከቆዳ ሥር ስለሆነ እሱም አንድ ቀን ያልቃል። ከዚህም በላይ መሣሪያው የተለመደውን የልብ ምት መቈጣጠሪያ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ለአጎቴ «ገና ነው» አልኋቸው። መንገዱ ሲከፈት ሄደው አስለወጡ።