የአረብ ሱቅ ልጆች
የየመናውያን ስደት በአዲስ አበባና ለእኛ የተወው ትምህርት



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ስደት እናወጋለን። ስደት ሲባል ሁላችንም ከዚህ ወጥተው ባሕር ስለሚያቋርጡት ልጆቻችን እናስባለን። ያንኑ ባሕር ወዲህ ተሻግረው ስለመጡትና በመካከላችን ስለኖሩት ግን እምብዛም አናነሳም። ለዚህ ዝግጅት ያነሳሳን እዚሁ ኮልፌ ውስጥ በአንድ ኒካህ ላይ የገጠመን ነገር ነው።

የሙሽሪት አባት ወሊይ ሆነው ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። መዝገብ የሚጽፈው ወንድም «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩን» ሲላቸው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም በአያት ቦታ የእናታቸውን አባት ስም ሰጡ። ኒካሁ ካለቀ በኋላ ጠጋ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ሸኽ፣ አባቴ የመናዊ ነበር፤ ሱቅ ነበረው። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ‹ደርሼ እመለሳለሁ› ብሎ ሄደ። የእሱን ስም አውቃለሁ፤ የአባቱን ስም ግን እናቴም አታውቀውም ነበር። ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

ለጥያቄያቸው የሰጠነውን መልስ መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን እኒህ አባት እንዴት መጡ? ለምንስ ሄዱ? የሚለውን እንመልከት።

እንዴት መጡ?

የመንንና የአፍሪካን ቀንድ የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ነው፤ በባብ አል-መንደብ ስፋቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ባሕር ላይ ሰውና ሸቀጥ መመላለስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ነገር ግን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ከያዙና ወደቡ ከደራ በኋላ ምልልሱ በረታ። የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲጀመር ከተቀጠሩት የጉልበት ሠራተኞች መካከል የመናውያን ይገኙበት ነበር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ንግዱም ሐዲዱን ተከትሎ መጣ። ከተዒዝ ዙሪያ ካለው ከሁጀሪያ ተራሮችና ከሐድረሞት ብዙ ወጣቶች ወጡ። ያስወጣቸው የእርሻ መሬት ጥበት፣ የግብር ክብደትና የጥሬ ገንዘብ እጦት ነበር። ልጆቻችን ዛሬ የሚነግሩን ምክንያት ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

የሱቁ ኑሮ

ታላላቆቻችን «የአረብ ሱቅ» ሲሉ የሰማችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጥባት ጠባብ ቤት ነበረች። ባለሱቁ በማለዳ ይከፍታል፤ የሰፈሩ ሰው ወደ ቤቱ እስኪገባ አይዘጋም። ብዙዎቹ መኝታቸውም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር። ለጎረቤት በዱቤ ይሰጣሉ፤ አማርኛውን በራሳቸው አነጋገር ይናገራሉ። በትልልቁ ንግድ ደግሞ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልኩ፣ ሸቀጥ የሚያስመጡ ነበሩ። ዛሬ መርካቶን የሞሉት የጉራጌና የስልጤ ነጋዴዎች አባቶችም ብዙዎቹ ንግድን የተማሩት በአረብና በሕንድ ሱቅ ተቀጥረው ነው። የኮልፌ አባወራዎች ይህንን ከእኛ በላይ ያውቁታል።

ባለሱቁ የሚያገኘውን ለራሱ አይበላውም ነበር። ወደ አገር ቤት በሰው እጅ ይልካል፤ አባቱ መሬት ይገዙበታል፣ ቤት ይሠሩበታል። በሁሉም ልብ ውስጥ አንድ ቃል ነበረች፦ «ነገ እመለሳለሁ»። ነገር ግን ነገ ሲባል አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ያልፋል።

ሐሳባቸውስ?

ሰውነታቸው አዲስ አበባ ቢሆንም ጨዋታቸው የአገራቸው ነበር። ሰሜን የመንን ይገዙ የነበሩት ኢማም የሕያ እ.ኤ.አ. በ1948 ተገደሉ፤ ልጃቸው ኢማም አሕመድ ተተኩ። በዓደን እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው «ነጻ የመናውያን» የተባለው እንቅስቃሴ በየአገሩ ከተበተኑ ስደተኛ ነጋዴዎች መዋጮ ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ደግሞ ከካይሮ የሚተላለፈው «የዐረቦች ድምፅ» ሬዲዮ የብዙዎችን ጆሮ ያዘ። በኢማሙ አገዛዝ የሚምል አለ፤ ሪፐብሊክ ይምጣ የሚል አለ፤ «የኔ ጉዳይ ንግዴ ነው» የሚልም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1962 ሰሜን የመን ሪፐብሊክ ተባለች፤ የእርስ በርሱ ጦርነት ግን እስከ 1970 ቀጠለ። ለአብዛኛው ባለሱቅ «ነገ» እንደገና ራቀች።

የሁለት አገር ልጆች

ብዙዎቹ የመጡት ወንዶች ብቻቸውን ነበር። ኢትዮጵያውያት አገቡ፤ ልጆች ወለዱ። እነዚህ ልጆች እዚህ «የአረብ ልጅ» ይባላሉ፤ የአባታቸው አገር ሲገቡ ደግሞ «ሙወለድ» ማለትም ከውጭ ሴት የተወለደ ተብለው ይለያሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በአገራችን የተወለደው ደራሲ ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ነው። ልጅነቱን በአዲስ አበባ አሳልፎ ከአብዮቱ በኋላ ወደ የመን ሄደ፤ በዲፕሎማትነት አገለገለ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስሙን ያስጠራው «ባይተዋር ሆነው ይሞታሉ» እንደማለት ያለ ርእስ የሰጠው አጭር ልቦለዱ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው። ባለሱቁ ገንዘቡን ሁሉ ወደ መንደሩ እየላከ ያላየውን ቤት ያሠራል፤ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት የተወለደውን ልጁን ግን ልጄ ብሎ ለመቀበል አይሻም። በመጨረሻም በሱቁ ውስጥ ብቻውን ይሞታል። ቤቱን የሠራው እዚያ ነው፤ ልጁን የተወው እዚህ ነው።

ሁሉንም በዚህ ሚዛን መስፈር ግን ግፍ ነው። ልጆቻቸውን አቅፈው ያሳደጉ፣ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ከጎረቤት ጋር በሐዘንና በደስታ የኖሩ፣ እዚሁ አፈር የለበሱ ብዙዎች ናቸው። የሄዱትም ሁሉ በፈቃዳቸው አልሄዱም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ንግዱ ሲሞት ባለሱቁም መንገድ ጀመረ። ገሚሱ ወደ የመን፣ ገሚሱ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄደ። ሚስትና ልጆቹን ይዞ የሄደ አለ፤ «ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ የቀረም አለ። የእኛ ወሊይ አባት ከኋለኞቹ ናቸው።

ስደቱ ግን እዚያም አላበቃም። የባሕረ ሰላጤው ቀውስ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲነሳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመናውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት ሲባባስ ደግሞ ሸሽተው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦችን በየመስጂዳችን አይተናል። አንዳንዶቹ አያቶቻቸው የኖሩበትን ሰፈር ፈልገው ነበር።

ለእኛስ?

ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። የእኛ ልጆች በጅቡቲ በኩል ያንን ባሕር ይሻገራሉ፤ በየመን አልፈው ወደ ሳዑዲ ይገባሉ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ከኮልፌም ልጇን ለመቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ያደረች እናት ነበረች። እነርሱም እንደ ባለሱቁ «ነገ እመለሳለሁ» ይላሉ፤ እነርሱም ገንዘብ ይልካሉ፤ እኛም ቤት እንሠራበታለን። ነገር ግን እዚያ የሚወለድ ልጅ አለ። አባቱ ማን እንደሆነ በወረቀት ያልሰፈረ፣ ኒካሁ ምስክር የሌለው፣ የእናቱን መንደር የማያውቅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስልክ ስንደውል የምንጠይቀው ስለ ገንዘቡ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የእኛም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ባሕር ማዶ ያገባ ልጅ ያላችሁ ኒካሁ በምስክርና በጽሑፍ መያዙን ጠይቁ፤ የልጆቹን ስም ከነአያቶቻቸው ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ በሰፈራችሁ የአረብ ሱቅ የነበረበትን ዘመን የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ባለሱቁ ማን ይባል እንደነበር፣ ከየት መንደር እንደመጣ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ይህ ለአንድ ሰው የአያቱ ስም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ማንንም በ«ክልስ»ነቱ አትሳደቡ። የአባቱን አገር የመረጠ ልጅ የለም።

ወደ ወሊያችን እንመለስ። በሱረቱል አሕዛብ አላህ (ሱ.ወ.) ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ አዟል፤ አባቶቻቸው ባይታወቁም በዲን ወንድሞቻችን እንደሆኑ አስተምሮናል። ስለዚህ እንዲህ አልናቸው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያጠፉት የለም። የአባትዎን ስም ይያዙ፤ የእናትዎን አባት ግን በአባትዎ አባት ቦታ አያስገቡ። የማያውቁትን ባዶ ይተዉት፤ ባዶ መሆኑ ነውር አይደለም።» መዝገቡን አስመጣን፤ ስሙ ተስተካከለ። እሳቸውም የአባታቸውን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ፤ ልጃቸውም ሰማች።

አላህ የተለያዩትን በኸይር ያገናኝልን፤ በባዕድ አገር ያሉትን ይጠብቅልን። ወሏሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።