ያለፈው ወር ቀለብ ዕዳ ነው ወይስ አልፏል?

ባልና ሚስት ሲለያዩ ኒካሑ ይፈርሳል፤ አባትነት ግን አይፈርስም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ የምታጠባ እናትን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ጥሏል። በሱረቱ አጥ-ጦላቅም ባለጸጋው ከሀብቱ፣ ድሃውም ከአቅሙ እንዲሰጥ አዟል። በዚህ ላይ ዑለማዎች አልተለያዩም። የተወያዩበት ሌላ ነገር ነው፤ አባት ለወራት ሳይሰጥ ቢቆይና እናት ተበድራ ልጁን ብታበላ፣ ያለፈው ይጠየቃልን?

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከሚስቶቻቸው ስለራቁ ዘማቾች ለጦር አዛዦች መጻፋቸው ተዘግቧል። ዘማቾቹ ወይ ቀለብ እንዲልኩ ወይ እንዲፈቱ፣ ከፈቱም ያስቀሩትን ያለፈ ቀለብ እንዲከፍሉ አዘዙ። ሻፊዒይና ሐንበሊ ይህን ይዘው የሚስት ቀለብ ጊዜ ቢያልፍም ዕዳ ነው አሉ። ሐነፊዮች ግን ቃዲ ካልቆረጠው ወይም ሁለቱ ካልተስማሙበት ያለፈው ይወድቃል አሉ።

የልጅ ቀለብ ከዚህ ይለያል። የሚሰጠው ችግርን ለማስወገድ ነውና፣ ቀኑ ካለፈ ችግሩም አልፏል የሚለው የብዙዎቹ ፉቀሃእ አቋም ሆነ። ታዲያ የተበደረችው እናት ምን ትሁን? መውጫው በቃዲው እጅ ነበር። ቃዲው መጠኑን ቆርጦ እናት በአባት ስም እንድትበደር ከፈቀደ፣ ብድሩ በአባት ላይ ዕዳ ይሆናል።

ይህ በኪታብ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዑስማኒያ መንግሥት ሥር በነበሩት የሻምና የፍልስጤም ከተሞች እናቶች ቃዲ ፊት እየቀረቡ ቀለብ ያስቆርጡ፣ የመበደር ፈቃድም ያስጽፉ ነበር። አስቀድማ ያስጻፈችው እናት መብቷ ተጠበቀ፤ ዝም ብላ የታገሠችው ግን ለመጠየቅ ተቸገረች።

በኋላ ሕግ አውጪዎች ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞከሩ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣችው ሕግ የሚስት ቀለብ ባል ከከለከለበት ቀን ጀምሮ ዕዳ እንዲሆን ደነገገች። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ የልጆች ቀለብም አባት መስጠት ካቆመበት ቀን እንዲታሰብ አደረገች። ለሚስት ያለፈ ቀለብ ግን ክሱ ከቀረበበት ቀን ወደ ኋላ ከአንድ ዓመት እንዳያልፍ ገደብ አኖረች። ገደቡ ተከሳሹ በቆየ ሂሳብ እንዳይጨናነቅ ይረዳል፤ የዘገየችውን ግን ያስከፍላታል።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በጋብቻ፣ በፍቺና በቀለብ ጉዳይ የመዳኘት ሥልጣን ሰጥቷል፤ ለዚህም የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ ቤተሰቦች የሚይዙት ትምህርት ግልጽ ነው። በፍቺ ቀን የልጁ ቀለብ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ በጽሑፍ ይቆረጥ፤ ሽማግሌዎችም ይህን ሳያስጽፉ አይነሡ። ከተቋረጠም እናት ሳትዘገይ ታመልክት። አባትም ይወቅ፤ ፍርድ ቤት ያለፈውን ባያስከፍለውም፣ ልጁ የተራበበት ቀን አላህ ዘንድ አይረሳም።