ምን እንማር? በኮሎምበስ የተሞከረ ጥያቄ

ፎረስት ፓርክን በመሰሉ የኮሎምበስ ኦሃዮ ሰሜናዊ ሰፈሮች ልጁን የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ያልለመደው ነገር ይገጥመዋል፤ ልጁ ከሚማራቸው ትምህርቶች የተወሰኑትን ራሱ ይመርጣል። ሥርዓተ ትምህርት ከሚኒስቴር ተዘጋጅቶ በሚወርድበት አገር ላደገ ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ልጅ የሚበጀውን ያውቃል ወይ? ይህ ጥያቄ በዚያው ከተማ ከዘጠና ዓመት በፊት በተግባር ተፈትኗል።

ከፎረስት ፓርክ ወደ ደቡብ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1932 አንድ የሙከራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩትን የሚወስነው በአብዛኛው የኮሌጅ መግቢያ መስፈርት ነበር። ይህን ለማላላት ከ300 በላይ ኮሌጆች ከተመረጡ 30 ያህል ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎችን ያለ መደበኛው መስፈርት ለመቀበል ተስማሙ። ከ1933 ጀምሮ የተካሄደው ይህ ሙከራ «የስምንት ዓመቱ ጥናት» ተባለ፤ የኮሎምበሱ ትምህርት ቤትም አንዱ ተሳታፊ ነበር።

በዚያ ተማሪና መምህር የሚጠናውን ጉዳይ አብረው ያቅዱ ነበር። ቋንቋና የኅብረተሰብ ትምህርት በየፊናቸው ከመሰጠት ይልቅ በአንድ የሕይወት ጥያቄ ዙሪያ ይገናኙ ነበር። በ1938 የተመረቁት ተማሪዎች የትምህርት ቤት ዘመናቸውን ራሳቸው ጽፈው መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርዕሱንም «የሙከራ እንስሳት ነበርን?» አሉት። ሌላው ስለ እነርሱ ሲከራከር፣ እነርሱ ራሳቸው ምስክር ሆነው ቀረቡ።

ውጤቱ በ1942 ታተመ። ከሙከራው ትምህርት ቤቶች ኮሌጅ የገቡ 1,475 ተማሪዎች፣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በፈተና ውጤትና በቤተሰብ ሁኔታ ከሚመስሏቸው የመደበኛ ትምህርት ቤት ምሩቃን ጋር አንድ ለአንድ ተነጻጸሩ። በኮሌጅ ውጤታቸው ከአቻዎቻቸው አላነሱም፤ እንዲያውም በጥቂቱ በለጡ። ከቀድሞው አሠራር ይበልጥ የራቁት ትምህርት ቤቶች ምሩቃን ደግሞ ልዩነቱን አሰፉት። ዝንባሌውን መከተል ልጁን ለኮሌጅ አያበቃውም የሚለው ስጋት መሠረት አጣ።

ይሁን እንጂ ጠንካራው ትችት የመጣው ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈላስፋው ቦይድ ቦድ በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ የለውጥ አራማጆቹን ሞገተ፤ የልጁ ዝንባሌ ብቻውን ወዴት መሄድ እንዳለበት አይነግረንም አለ። ትምህርት ስለ ማኅበረሰቡ፣ ስለ ዴሞክራሲ ግልጽ ሐሳብ ሊኖረው ይገባል። ዝንባሌ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም ማለቱ ነበር።

የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ የተቃራኒውን ዋጋ ያሳያል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1964 ዓ.ም. ያስጠናው የትምህርት ዘርፍ ግምገማ («ሴክተር ሪቪው») ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ አቀደ። ሐሳቡ ለገጠሩ ልጅ የሚጠቅም ገጽታ ነበረው። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች የተረዱት የድሃ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት እንዳይደርስ በር ሊዘጋበት ነው ብለው ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን መንግሥት ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ያልተመከረበት ዕቅድ ከአብዮቱ ማቀጣጠያዎች አንዱ ሆነ።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ወሰነ። አገር መሐንዲስና ሐኪም መፈለጓ እውነት ነው። ተማሪው ምርጫውን በቅጹ ላይ በቅደም ተከተል ይሞላ ነበር፤ ኮታው ግን ከእርሱ ምርጫ በፊት ተቆርጦ ነበር።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናያቸው ጥያቄው «ልጁ ይወስን ወይስ መንግሥት?» ከሚለው ያልፋል። በኮሎምበስ ልጆቹ ብቻቸውን አልተተዉም፤ ፍላጎታቸውን ወደ ዕውቀት የሚመራ፣ ጊዜ ያለውና የሠለጠነ መምህር ከአጠገባቸው ነበር። ይህ ውድ ነው። ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ደመወዙ በማይበቃው መምህር እጅ «ዝንባሌህን ተከተል» ማለት ልጁን ሜዳ ላይ መጣል ይሆናል። ልጁን ሳይጠይቁ ማቀድም መዘዝ እንዳለው 1966 ዓ.ም. አስተምሯል። የኮሎምበሱ ወላጅም የልጁን የምርጫ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት «ይህን ለምን መረጥክ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ያን የመምህር ሥራ በከፊል ይሠራል።