የጠረፍ ንግድ፦ ምንነቱ፣ ጠቀሜታውና የአገልግሎት አሰጣጡ

የጠረፍ ንግድ በኢትዮጵያና በጎረቤት አገሮች የድንበር አካባቢዎች የሚኖሩ ዜጎች የዕለት ፍላጎታቸውን የሚያሟሉባቸውን ዕቃዎች በመመሪያና በአገሮች ስምምነት በተወሰነ ዓይነትና የዋጋ ጣሪያ የሚገበያዩበት ሥርዓት ነው። ከመደበኛው የገቢና ወጪ ንግድ የሚለየው ፈቃዱ ለጠረፍ ነዋሪ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ግብይቱም የውጭ ምንዛሪ በባንክ ማስፈቀድን ሳይጠይቅ በአነስተኛ መጠን የሚከናወን በመሆኑ ነው።

ሥርዓቱ ለምን አስፈለገ?

ሞያሌ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በኬንያ በኩል ካለው የሞያሌ ገበያ ግን የሚለያት የድንበር መስመሩ ብቻ ነው። በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ በቋንቋ፣ በባህልና በጋብቻ የተሳሰረ በመሆኑ ገበያውም ከጥንት ጀምሮ የጋራ ነው። በቶጎ ውጫሌ፣ በመተማ፣ በደወሌና በሌሎች የጠረፍ ከተሞችም ተመሳሳይ ትስስር ይታያል።

ገበያው ለአርብቶ አደሩ ያለው ትርጉም በድርቅ ወቅት ጎልቶ ይወጣል። ዝናብ ሲጠፋ አርብቶ አደሩ ከብቱን ሸጦ እህል መሸመት ይገደዳል። በዚህ ጊዜ የጠረፍ ገበያ ከተቋረጠ ገዥ በማጣት የከብቱ ዋጋ ይወርዳል፤ አቅርቦት በማነሱ የእህሉ ዋጋ ይንራል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል አካባቢዎች ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች በቀረበት ጊዜ ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ እህል የሚገዛበትን አቅም አብሮ አጥቷል። ከብቱ ሳይከሳ በተገቢው ዋጋ የሚሸጥበት ሕጋዊ ገበያ መኖሩ ስለዚህ የኑሮ ዋስትና ጉዳይ ነው።

ከነዋሪው ምን ይጠበቃል?

• በጠረፍ አካባቢ ነዋሪ መሆኑን የሚያረጋግጥ የታደሰ መታወቂያ መያዝ፤
• በሚኖርበት አካባቢ ካለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ማውጣትና በወቅቱ ማሳደስ፤
• የተፈቀዱ ዕቃዎችን ዝርዝር፣ የዋጋ ጣሪያና የምልልስ ብዛት ከጉዞ በፊት ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ፤
• በተፈቀደው የጉምሩክ ኬላ ብቻ መግባትና መውጣት፣ ዕቃንም ማስመዝገብ፤
• ለቁም እንስሳት የእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀት ማቅረብ።

የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ

በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ የኢትዮጵያና የኬንያ የኢሚግሬሽን፣ የጉምሩክና ሌሎች የቁጥጥር ባለሙያዎች በአንድ ግቢ አብረው የሚሠሩበት ነው። ቀድሞ መንገደኛውም ሆነ ጭነቱ በመውጫው አገር አንድ ጊዜ፣ በመግቢያው አገር ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈተሽ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን የሁለቱም አገሮች ሥርዓት በመዳረሻው አገር ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይጠናቀቃል። ይህም በተለይ ቶሎ የሚበላሽ ምርትና የቁም እንስሳት ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች ጊዜና ወጪ ይቆጥባል።

ሕጋዊ ንግድ ኮንትሮባንድ የሚሆነው መቼ ነው?

የጠረፍ ንግድ ፈቃድ ዕቃን ወደ መሐል አገር አጓጉዞ ለመሸጥ አያገለግልም። ከተፈቀደው ክልል አልፎ የተገኘ፣ ከጣሪያው በላይ የሆነ ወይም ከኬላ ውጭ የገባ ዕቃ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና በማሻሻያው መሠረት ሊወረስ ይችላል፤ ባለቤቱንም በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትም ሆነ የባለሀብትን ጭነት በነዋሪዎች ስም ከፋፍሎ ማስገባት ሥርዓቱን የሚጻረር ነው። ጉዳቱም ውሎ አድሮ የሚያርፈው መብቱ በተሰጠው ነዋሪ ላይ ነው።

ዕቃው የተያዘበት ነዋሪ የዕቃውን ዓይነትና መጠን የሚገልጽ ሰነድ መጠየቅ፣ ፈቃዱንና ደረሰኞቹን አያይዞም ለሚመለከተው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ስለሆነም ፈቃድና ደረሰኝ ከዕቃው ጋር አብረው መጓዝ ይኖርባቸዋል።