የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ፈቃዱ የሚመዘነው በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የአእምሮ ብቃት ሕግ ነው። ሕጉ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አዋቂ ሁሉ ለራሱ መወሰን እንደሚችል ይቆጥራል፤ ውሳኔው ለሌሎች ጥበብ የጎደለው መምሰሉ ብቻ ብቃት የለውም አያሰኝም። መረጃውን መረዳት፣ መያዝ፣ ማመዛዘንና ምርጫን በማንኛውም መንገድ መግለጽ በቂ ነው።

ዋናው ሥራ ከፈቃድ ፊርማው በፊት ነው። «ጨጓራህ ይቀነሳል» ማለት ማስረዳት አይደለም። ስሊቭ በሚባለው የቀዶ ሕክምና ዓይነት አብዛኛው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣል፤ ተመልሶም አይቀጠልም። ይህን ባለሙያዎቹ ለሰውየው በሥዕል ካርድ፣ በትንሽ ሳህንና በሻይ ማንኪያ ያሳዩታል፤ በሌላ ቀን ደግሞ «እስቲ አንተ ንገረኝ» ይሉታል። ደጋፊው፣ እናትም ትሁን ተቀጣሪ ረዳት፣ በሰውየው ፈንታ መመለስ የለበትም፤ ከሁሉም የሚከብደውም ይኸው ዝምታ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ስለሚወሰድ፣ የቀን ስም የተጻፈበት የመድኃኒት ሣጥን ይረዳል።

ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር የሚታየው የጂን ችግር፣ ፕራደር ዊሊ ሲንድረም፣ ለብቻው ይመዘናል፦ ማብቂያ የሌለው ረሃቡ ከአንጎል ስለሚነሣ ጨጓራን ማሳነስ ብቻውን አያጠፋውም።