«ሪስትራይክ»፦ ዳግም ምት

ፒያሳ ካሉት የብር ጌጥ ሱቆች በአንዱ አንዲት ማርትሬዛ የብር ሳንቲም አንስቼ ሳገላብጥ ባለሱቁ 1780 የሚለው ቁጥር ላይ ጣቱን አሳርፎ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አላት» አለኝ። አልዋሸኝም፤ የሚያምነውን ነው የነገረኝ። ቁጥሩ ግን የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት እንጂ የሳንቲሟ የልደት ቀን አይደለም።

የቀድሞ መልኩንና ዓመቱን እንደያዘ ዘግይቶ በሕጋዊ ማምረቻ የተሠራ ሳንቲምን ሰብሳቢዎች «ሪስትራይክ» ይሉታል። «ዳግም ምት» ብንለውስ? «ቅጂ» የሐሰተኛ ሽታ አለው፤ «ዳግም ኅትመት»ን መጽሐፍ ቀድሞ ወስዶታል። ሳንቲም ደግሞ እውነትም ይመታል፦ ክቡ ብር በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ ሲመታ ነው መልክ የሚያወጣው። ምት የልብና የሙዚቃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለሳንቲም ቢተርፍ ማን ይከፋዋል?

ማርትሬዛ የዳግም ምቶች ሁሉ አውራ ናት። በአገራችንም የሚገበያይባት ነጋዴ የለመደው መልክ ሲቀየር ይጠራጠር ስለነበር (የእቴጌይቱን ዕንቁዎች አንድ በአንድ የሚቆጥርም ነበር) ቪየና ቁጥሩን ሳትነካ መምታቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ ማኅተሙን ከኦስትሪያ አስመጥቶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞችም ወዲያው ለንደን ላይ ተከተሉት። ወራሪውም ተፎካካሪውም የመቱት ያችኑ 1780 ነው። ከእቴጌይቱ ምስል ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት የላቲን ፊደላት እንኳ በጀርመኗ ጉንዝቡርግ ሳንቲም ማምረቻ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው፤ ሰዎቹ ካለፉ በኋላም ስማቸው አብሮ ይመታል።

እንግዲህ ገዢ ምን ይመዝን? ማርትሬዛ 28.07 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.39 ግራም ነው። የከበሩ ማዕድናት የሚሸጡበት ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.75 ሲያባዙት የማዕድኗ ዋጋ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ለዕድሜዋ ከሆነ ሻጩ ዕድሜዋን ያስረዳ፤ ቁጥሩ ማስረጃ አይሆንም። ለአንገት ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደላት ከሆነች ደግሞ ሰብሳቢ ዋጋዋን ይቀንስባታል፤ ብሯ ግን ያው ነው። ብቻ ዳግም ምትን ከሐሰተኛ ጋር አንደባልቀው፤ ሐሰተኛዋ በብር ፋንታ ከሌላ ማዕድን የተሠራችዋ ናት።

የቪየናው ማምረቻ ማርትሬዛን ዛሬም ይሸጣል፤ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ፣ 1780 የተጻፈባት።